የሸራ ጀልባ ውድድርና የካሮል ባንዲራዎች

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ጀልባ ከተጎታች ላይ በክሬን አንስቶ ውኃ ውስጥ ለማውረድ ነበር። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ቦታው ሚኒሶታ ውስጥ ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ ያለ ሐይቅ ነው። በአዘቦት ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ድራይቭ አደርግ ነበር። ቅዳሜና እሁድ፣ ሰመር ሲመጣ ደግሞ በሙሉ ቀን፣ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። በወጣትነቴ ዝዋይ ላይ ለዓሣ አስጋሪዎች ሞተር ጀልባ እነዳ እንደነበር ስነግራቸው የሸራ ጀልባ ክበቡ ሰዎች በዚያው ቀን ቀጠሩኝ።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ክሬኑን ስጠብቅ አንዲት ነጫጭ ፀጉር ያላቸው ሴትዮ መጡና፣ «ስምህ ማን ነው?» አሉኝ።

«ገመዳ።»

«ገመዳ፣ ገመድ መሳብ ትችላለህ?»

በአማርኛ የሁለቱን ቃላት ዝምድና እንደማያውቁ ትዝ ሲለኝ ሳቄ መጣ። «እችላለሁ» አልኳቸው። ባንዲራ የሚያወጣው በጎ ፈቃደኛ ቀርቶባቸው ነበር። ወደ ዳኞች ጀልባ ይዘውኝ ሄዱ።

ካሮል ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ሲሆኑ የክበቡ ዋና የውድድር ዳኛ ነበሩ። እንግሊዝኛ አንቺንና እርስዎን አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ እስከ መጨረሻው እርስዎ ስላቸው ኖሬያለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። የዳኞች ጀልባ መልህቅ ጥሎ ይቆማል። ከእሱ እስከ አንድ ተንሳፋፊ ምልክት ያለው የሐሳብ መስመር መነሻ ይሆናል። ውድድሩ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው የማስጠንቀቂያው ባንዲራ ይወጣል፤ አራት ሲቀረው የመዘጋጃው ይከተላል፤ አንድ ሲቀረው የመዘጋጃው ይወርዳል። የማስጠንቀቂያው ሲወርድ ውድድሩ ተጀመረ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ላይ ጥሩምባ ይነፋል። ጥሩምባው ባይሰማ እንኳ ሕጉ የሚያየው ባንዲራውን ነው።

በዚያን ቀን የመዘጋጃውን ባንዲራ ዘግይቼ አወረድኩት፤ ገመዱ መዘውሩ ውስጥ ተቀርቅሮብኝ ነው። ካሮል አልጮኹብኝም። ቀይና ነጭ የማዘግያ ባንዲራውን ራሳቸው ሰቀሉና ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፉ። ሁሉም ተወዳዳሪ ተመለሰ።

«ገመዱን አራግፈውና እንደገና እንጀምራለን» አሉ። በቀጣዩ ሳምንት ክሬኑን ለሌላ ሰው ሰጥተው እኔን ከዳኞቹ ጋር መደቡኝ።

የካሮል ባል ሎይድ ይባላል። እሱን አንተ ነው የምለው፤ ገና ከጅምሩ ወንድም ሆኖብኝ። የቤት አናጺ ነበረ። አንድ ሰው በምትይዝ ጀልባ ይወዳደራል። በየፀደዩ ከውድድሩ በፊት የተንሳፋፊ ምልክቶቹን ሰንሰለትና መልህቅ አብረን ቼክ እናደርግ ነበር። ነፋስ በኦሮምኛ ምን እንደሚባል ጠይቆኝ «ቡቤ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሲያገኘኝ፣ «ገመዳ፣ ቡቤው ከየት ነው ዛሬ?» ይለኛል። ቤት ሄጄ ይህን ስናገር ባለቤቴ ሐዊ ትስቃለች፤ ልጃችን ግን «ዳድ፣ ሂ ሴድ ኢት ራይት!» ብላ በትክክል መጥራቱ ይገርማታል። እሷ ራሷ ቃሉን ከሎይድ ወዲህ ነው መናገር የጀመረችው።

ባልና ሚስት አንዱ ዳኛ ሌላው ተወዳዳሪ ሲሆኑ ያስቸግራል ብለው የሚያሙ ነበሩ። አንድ ጊዜ ሎይድ መነሻውን ቀድሞ ተሻገረ። ካሮል ሰማያዊ መስቀል ያለበትን ነጭ ባንዲራ እንዳወጣ አዘዙኝ፤ «ቀድሞ የተሻገረ ይመለስ» ማለት ነው። ሎይድ አልተመለሰም። ካሮል ውጤቱን ሰረዙበት። ማታ ወደብ ላይ መጥቶ፣

«ካሮል፣ አልተሻገርኩም እኮ» አላቸው።

«አቤቱታ ካለህ በጽሑፍ አቅርብ። ሦስት ሰዎች ይሰሙሃል፤ እኔ አብሬያቸው ለፍርድ አልቀመጥም።»

አቀረበ፤ ተሸነፈ። ከዚያ ሁለቱም አንድ መኪና ውስጥ ገብተው እየሳቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ማንም አላማቸውም።

እያደር የነፍስ አድን ጀልባ ነጂ ሆንኩ። ነጂ ብቻውን አይወጣም፤ ውኃ ውስጥ ያለውን የሚስብ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። የእኔ ሁለተኛ ጆአን የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። መመሪያችን አጭር ነው፦ ሰው ይቀድማል፣ ጀልባ ይተው። ብዙ ሰው ከወደቀ፣ ይበልጥ አደጋ ላይ ያለው ይቀድማል። የወደቀ ሰው መዳፉን አናቱ ላይ ካሳረፈ «ደህና ነኝ፣ እለፉ» ማለት ነው።

አሁን ወደ ግንቦቱ ውድድር ልምጣ።

የሚኒሶታ ሐይቅ በግንቦት ያታልላል። በረዶው ቀልጦ አልቋል፤ ፀሐይዋ ትሞቃለች፤ ሰው በቲሸርት ይሄዳል። ውኃው ግን ገና የዊንተር ውኃ ነው። እጅህን ብትነክር አጥንትህን ይወጋል።

ጠዋት ነፋስ አልነበረም። ካሮል የማዘግያውን ባንዲራ ወደብ ላይ አሰቀሉ። ከዊስኮንሲን የመጣ አንድ እንግዳ ተወዳዳሪ ትዕግስቱ አልቆ፣

«ይህን ሁሉ መንገድ የነዳነው ባንዲራ ለማየት ነው?» አላቸው።

«እስኪወርድ ድረስ፣ አዎ።»

ቀትር ላይ ነፋሱ መጣ። ካሮል ትንበያውን ሰሙ፤ በመሣሪያው ለኩ፤ ክበቡ ከወሰነው ጣሪያ በታች ነበር። ሎይድን ጨምሮ ሁሉም ወጡ። ሎይድ ደረቅ የውኃ ልብስ የሚባለውን፣ ውኃ የማያስገባውን ልብስ አይወድም፤ ያንገቴን ቆዳ ይበላኛል ይላል። ከላይፍ ጃኬቱ ሥር አንድ ቀጭን ጃኬት ብቻ ነበረው።

የመጀመሪያው ውድድር በሰላም አለቀ። ሁለተኛው ሲጋመስ፣ በሰሜን ምዕራብ ካሉት ዛፎች ጀርባ ውኃው ጠቆረ። የነፋሱ ግንባር ሐይቁን አቋርጦ ሲመጣ አየሁት። ሬዲዮኔን ሳላነሳ በፊት ካሮል ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፉ፤ ሰማያዊና ነጭ ዳማ የመሰለው ባንዲራ ወጣ። ውድድሩ ተሰርዟል፣ ወደ ወደብ ተመለሱ ማለት ነው።

ጀልባዎቹ እንደ ተነጠፈ ልብስ ተኙ። ሌላው የነፍስ አድን ጀልባ በዚያኛው ጫፍ ሰው እያነሳ ነበር። ካሮል በሬዲዮ፣ «ገመዳ፣ በላይኛው ምልክት ዘንድ የሁለት እህትማማች ልጃገረዶች ጀልባ ተገልብጧል። አንዷ አትታየኝም» አሉ።

ሞተሩን ከፈትኩ። በመንገዴ ላይ ሎይድን አገኘሁት። ጀልባው ተገልብጣ እሱ ጎኗን ይዞ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ልጆቹን ሊረዳ ዞሮ ሲመጣ ነው ነፋሱ የጣለው። ሲያየኝ መዳፉን አናቱ ላይ አደረገ። ከዚያ በዚያው እጁ ወደ ልጆቹ ጠቆመኝ።

አለፍኩ።

አንዷ ልጅ ከሸራው ሥር ገመድ ጠልፏት ነበር። ጆአን ገመዱን በቢላዋ ቆረጠች፤ እኔ በላይፍ ጃኬቷ ትከሻ ይዤ ጎተትኳት። ውኃ አስመልሳ ስታለቅስ ደስ አለን፤ የሚያለቅስ ሰው ይተነፍሳል። እህቷንም አነሳን። ከዚያ ዞርኩ።

ሎይድ ከነጀልባው ወደ ሸምበቆው ተንሳፍፎ ሄዷል። ገመድ በእጅ አንጓው ላይ ጠምጥሞ ነበር። ስንደርስ ዓይኑ ክፍት ነው። «ሎይድ፣ ያዘኝ» አልኩት፤ ጣቶቹ አልታዘዙለትም። አንድ ነገር ተናገረ፤ ምላሱ ተሳስሮ ነበርና ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ገመዱን ፈትተን ከውኃው አወጣነው፤ ጆአን አጋድማ አቀፈችው። «ቀስ ብለህ ንዳ፣ እንዳይንገጫገጭ፤ ልቡን እፈራለሁ» አለችኝ። የበረደው ሰው ሲንገላታ ልቡ ሊቆም እንደሚችል ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

በሬዲዮ የሸራውን ቁጥር ተናገርኩ። ሕጉ ስም አይጠራም፤ ቁጥር ነው። «ተወዳዳሪው ከእኛ ጋር ነው። አምቡላንስ ወደ ወደቡ።»

ካሮል ያንን ቁጥር ከማንም በላይ ያውቁታል። «ተቀብያለሁ። አምቡላንስ ተጠርቷል» አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር።

የዳኞች ጀልባ የመጨረሻው ተወዳዳሪ ሳይገባ ከቦታው አይነቃነቅም። አብሯቸው የነበረው ሰው፣ «ካሮል፣ ሂጂ፤ እኔ እቆጥራለሁ» ብሏቸው ነበር። «ገና ውኃ ላይ ሰዎች አሉ» አሉት። ቆመው እያንዳንዱን ጀልባ ቆጠሩ። የመጨረሻው ሲገባ ባንዲራውን አውርደው አጣጠፉትና፣ «አሁን ውሰደኝ» አሉት።

ሎይድ ሆስፒታል ሳይደርስ ልቡ ቆመ። መልሰው ሊያስነሱት ብዙ ደከሙ፤ አልሆነም። ካሮል ሲደርሱ አልቆ ነበር።

የቀብሩ ሥርዓት በሉተራን ቤተ ክርስቲያናቸው ተፈጸመ። ከሥርዓቱ በኋላ ሰዉ ሳንድዊች በላ፣ ካሮልን አቀፈ፣ ወደየቤቱ ሄደ። በማግሥቱ ሐዊ፣

«ማን አብሯቸው አለ?» አለችኝ።

«ማንም ያለ አይመስለኝም።»

«እንዴት ነው ሐዘንተኛ ብቻውን የሚቀመጠው? ተነስ፣ መኪናውን አስነሳ።»

ሐዊ እንግሊዝኛዋ ብዙ አይደለም። ምስር ወጥ ሠርታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ሄድን። ካሮል በሩን ከፍተው ምን እንደምንፈልግ አልገባቸውም። «ምንም አንፈልግም፤ ልንቀመጥ ነው የመጣነው» አልኳቸው። ሐዊ ከጎናቸው ሶፋው ላይ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። ከዚያ ካሮል አለቀሱ፤ በቀብሩ ላይ ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«አይቶሃል?»

«አይቶኛል።»

«ምን አደረገ?»

እውነቱን ነገርኳቸው። እጁን አናቱ ላይ እንዳደረገ፣ ወደ ልጆቹም እንደጠቆመኝ።

ካሮል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሎይድ እግሩ የተሰበረ ጊዜም ደህና ነኝ ብሎኝ ነበር» አሉ። «በትዳራችን ዘመን ሁሉ ደህና አይደለሁም ብሎኝ አያውቅም።» ከዚያም፣ «ልጆቹን ትተህ እሱ ዘንድ ብትቆም ኖሮ ይቅር አይልህም ነበር። እኔም ይቅር አልልህም ነበር። ይህንን ከእኔ ስማው» አሉኝ።

ሐዊ ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስትወጣ እየሄደች ተቀመጠች። ኩን ራፒድስ ውስጥ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሽፍቷን ጨርሳ በቀጥታ ካሮል ቤት ነው። ምን እንዳወሩ አላውቅም። ብዙ ያወሩ አይመስለኝም።

ክበቡ ስብሰባ ጠራ። የቦርዱ ሊቀ መንበር የተጻፈውን አነበቡ፦ ነፋሱ ከጣሪያው በታች ነበር፤ ውድድሩ በጊዜው ተሰርዟል፤ የነፍስ አድን ጀልባው በቅደም ተከተሉ ሠርቷል፤ መመሪያው ተጠብቋል። «ስለዚህ ጥፋተኛ የለም» ብለው ሊዘጉ ሲሉ ካሮል ከኋላ ተነሱ።

«መመሪያው ተጠብቆ ሰው ከሞተ፣ መመሪያው ይቀየራል» አሉ። «ጆአን፣ የበረደው ሰው መጀመሪያ ምኑ ይከዳዋል?»

«እጁና ንግግሩ» አለች ጆአን።

«ታዲያ ለምን እጁን ብቻ እናያለን?»

በዚያ ስብሰባ ሁለት ነገር ተወሰነ። ውኃው እስኪሞቅ ድረስ ደረቅ የውኃ ልብስ ያልለበሰ አይወዳደርም፤ የነፍስ አድን ጀልባም አንድ ተጨምሮ ሦስት ሆነ፣ አንዱ አልፎ ሲሄድ ሌላው እንዲቆም። የእጅ ምልክቱን ነገር ደግሞ ለእኛ ለነጂዎቹ ተዉልን።

ካሮል በሚቀጥለው ግንቦት አንድ ቀን መጡ። የማስጠንቀቂያውን ባንዲራ ራሳቸው አወጡ። የመዘጋጃውን ገመድ ያዙና ወደ መነሻው መስመር ተመለከቱ። ጀልባዎቹ ተደርድረው ይዞራሉ። እጃቸው አልተነሳም።

«ገመዳ» አሉኝ።

ገመዱን ተቀብዬ በሰዓቱ አወጣሁት። እሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። ወደብ ስንደርስ ሁላችንንም አመሰገኑና ሄዱ። በዚያው ሰመር ቤታቸውን ሸጠው እህታቸው ዘንድ ዱሉዝ ገቡ። ለሐዊ በየገናው ካርድ ይልካሉ። ስለ ሐይቁ አንድም ቀን ጽፈው አያውቁም።

እኔ ሥልጠናውን ወስጄ የውድድር ዳኛ ሆንኩ። አዲስ የነፍስ አድን ነጂ ሲመጣ የማሳየው አንድ ነገር ነው። ወደ ወደቀው ሰው ስትደርስ ሞተሩን አቀዝቅዝ። ቅረብ። ስሙን ጠይቀውና ጥርት ባለ ድምፅ እስኪመልስልህ ጠብቅ። ካልመለሰ አውጣው። ማለፍ ግድ ከሆነብህ ሌላ ጀልባ ጠርተህ እለፍ። ደህና ነኝ ያለ ሰው ሁሉ ደህና አይደለም።