የጋሸናው ልብ ወለድ አንባቢ

ጦርነቱ መንገዱን ሊዘጋ በተቃረበበት ሰሞን፣ የላሊበላ መንገድ በሚገነጠልባት ጋሸና ምግብ ቤት የነበራትን የሻረግን አንድ ደንበኛ ግራ አጋብቷት ነበር። ክራቫቱን የማይፈታ የከተማ ሰው ነው፤ ጠርዙ የተበላ የፍቅር ልብ ወለድ ከእጁ አይለይም፤ ከላሊበላ መኪና በመጣ ቁጥር ግን ቀና ብሎ ያያል።

«አየሽ» አላት አንድ ቀን መጽሐፉን ዘርግቶ፣ «ይሄ ጎረምሳ ልጅቱን አይወዳትም። በልጅነቱ ጥላው የሄደችውን እናቱን ነው የሚፈልገው። ልጅቱ እሺ ብትለው ይሸሻታል።»

«እርስዎስ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

«ላሊበላ ያለች ነርስ።»

«ትመጣለች?»

«አግብታለች።»

ወደ ደሴ የሚወጣው የመጨረሻው መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ፣ የሻረግ የሰውየውን ሻንጣ አንስታ እስከ በሩ አደረሰችለት። ሰውየው ተነሣ፤ ለመውጣት የተሰጠውን የይለፍ ወረቀት ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው።

«የራሴንም በሽታ አውቀዋለሁ፣ የሻረግ» አላት። «ማወቄ ግን እግሬን አልፈታልኝም።»

መኪናው ሄደ። እሱም ፊቱን ወደ ላሊበላ መንገድ አዙሮ ተቀመጠ።