ጉንችሬ ላይ «ለጊዜው» የታሰረው መስመር

ሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ አዲስ አበባ

ከቤቴ የወጣሁት ተናድጄ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር ይኖርብኛል፤ ንዴቴ እስከ ጉዞው መጨረሻ አልበረደም፣ የተናደድኩበት ሰው ብቻ ነው የተቀየረው።

ሥራዬ የመሥሪያ ቤቶችን የኔትወርክ መሣሪያ ማስተካከል ነው። ራውተር የሚባለው ሳጥን የትኛው መልእክት በየት ይሂድ፣ ማን ይቅደም፣ ማን ይጠብቅ የሚለውን ይወስናል። ባጭሩ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ጉንችሬ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን አልጠራም) አቤቱታ መጣ፦ «ኔትወርኩ አለ፤ ግን ምንም አይሄድም።» ከአዲስ አበባ ሆኜ ሳጥኑ ውስጥ ለመግባት ሦስት ቀን ታገልኩ። መስመሩ ከመጥበቡ የተነሳ የይለፍ ቃሌን እንኳ ሳያደርስ ይዘጋል። እንግዲህ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በሩብ ሰዓት የምጨርሰውን ሥራ በኮረኮንች ልሄድበት ነው።

ሾፌራችን ሽኩር የቡታጅራ ልጅ ነው። ፒክአፑን አስነስቶ በሩ ላይ ይጠብቀኛል።

«አሰላሙ አለይኩም። እህቴ፣ ፊትሽ ከሰኔ ሰማይ ብሷል።»

«ወአለይኩም ሰላም። ንዳው።»

ረፋድ 4 ሰዓት፣ ወልቂጤ መግቢያ

ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ። አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ ግራና ቀኙ የሚታረስ ጥቁር አፈር፣ ፕላስቲክ ለብሰው ዝናብ የሚጠብቁ ሰዎች። ወልቂጤ ልንገባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረን አንድ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ከፊታችን ሚኒባሶች፣ ሁለት አውቶቡስና ጫት የጫነ አይሱዙ ተደርድረዋል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«እንግዶች ያልፋሉ። መንገዱ ለእነሱ ተይዟል።»

«መቼ ነው የሚያልፉት?»

«እስኪያልፉ።»

ከሃያ ደቂቃ በላይ ቆምን። መንገዱ ባዶ ነው፤ አንዲት አህያ ብቻ ማንንም ሳታስፈቅድ ተሻገረች። የአይሱዙው ሾፌር ወርዶ መሃል አስፋልት ላይ ይንጎራደዳል። «ጫት እኮ ነው የጫንኩት፤ ድንጋይ አይደለም! እንግዳህ እስኪመጣ ገለባ ይሆንብኛል!» ይላል። አንዲት የአውቶቡስ ተሳፋሪ ልጇን እያጠባች ትስቃለች። መጨረሻ ላይ ፖሊሱ ሬዲዮኑን አንስቶ ጠየቀ፣ አዳመጠ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። እንግዶቹ ያለፉት ትናንት ኖሯል። «መንገዱን ክፈት» ብሎ የነገረው ሰው ስላልነበረ ዛሬም ዘግቶ ይጠብቃቸው ነበር።

ሽኩር ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ቀትር፣ ወልቂጤ

ወልቂጤ በባጃጅ ጡሩምባ ተቀበለችን። የቢሮው ዘበኛ ፒክአፑን ዞሮ አየና «ኢንጂነሩ የታሉ?» ብሎ ሽኩርን ጠየቀው። ሽኩር በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ዘበኛው እንደገና መኪናው ውስጥ ተመለከተ፤ የኋላ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይፈልጋል መሰለኝ።

የጉንችሬውን ሳጥን ለመክፈት ከወልቂጤ ማህተም ያለው ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው በደቂቃ ተጻፈ፤ ማህተሙ ግን ግምገማ ላይ ነው። ማለት ማህተም ያዡ። እሱን ስጠብቅ ከዝውውር መዝጋቢዋ ከወይዘሮ ብርቄ መስኮት ፊት አንዲት ሴት ቆማ አየሁ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ጫማዋ በጉንችሬ ጭቃ ቀልቷል፣ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ደረቷ ላይ ይዛለች።

«ይኸው ፎርሙ በእጄ አለ፣ እትዬ ብርቄ። እኔም አለሁ። ምን ጎደለ?»

«ራህመት፣ የእኔ እህት፣ ስንቴ ልንገርሽ? መመሪያው በኔትወርክ የደረሰ ብቻ ነው የሚለው። ወረቀት ድሮ ቀረ። ምዝገባው ነገ 11 ሰዓት ይዘጋል።»

«ኔትወርኩ እንቢ ካለስ?»

«እሱን ለኔትወርኩ ንገሪው።»

ደሜ ፈላ። ጣልቃ ገብቼ ባለ ፌስታሏን ጠየቅኋት። መምህርት ራህመት ጉንችሬ ታስተምራለች፤ ባሏ ነስሩ ቡታጅራ ልብስ ሰፊ ነው፤ የአራት ዓመት ልጃቸው ሂክማ ከእሱ ጋር ናት። እሷ ልጇን የምታየው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ሦስተኛ ዓመቷ ነው ዝውውር ስትጠይቅ፤ ሁለት ዓመት «ማመልከቻሽ አልደረሰም» ተብላለች። ዘንድሮም ካልደረሰ ሥራውን እንደምትተው ከባሏ ጋር ተነጋግረዋል።

«ተማሪዎቼን እወዳቸዋለሁ» አለችኝ። «ግን ልጄ ባለፈው ክረምት 'እትዬ' ብላ ጠራችኝ።»

ማህተሙ የተመታው 10 ሰዓት ላይ ነው። ማታ ክትፎ ከቆጮና ከአይብ ጋር ቀረበልኝ፤ ሠላሳ አምስት ብር። ጥሩ ነበር፤ የበላሁት ግን እያጉረመረምኩ ነው። «ሽኩር፣ ያንን ሳጥን እንዲህ አድርጎ ያሰረው ደንቆሮ ማን እንደሆነ ባውቀው...» አልኩ። ሽኩር ጉርሻውን ዋጠና «ስታገኚው ምን ታደርጊዋለሽ?» አለኝ። ያደረግሁትን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ማክሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ወደ ጉንችሬ

ራህመትን ጭነን ወጣን። እንሰት፣ ጭቃ፣ እንደገና እንሰት። መንገዱ ሽቅብና ቁልቁል ነው፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ቆጮ የተሸከሙ ሴቶች መንገዱን ይዘውታል፤ ሽኩር ጡሩምባ ሳይነፋ በትዕግሥት ይከተላቸዋል።

ራህመት ለመሆኑ ከጉንችሬ የተላከ ነገር ወልቂጤ ለመድረስ ለምን ይከብደዋል ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት፦ መልእክቱ መጀመሪያ ሳተላይት ላይ ይወጣል፣ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወልቂጤ ይመጣል።

ሽኩር መሪውን ይዞ ዞረ። «ከጉንችሬ ወልቂጤ በአዲስ አበባ በኩል? እኔ እንዲህ ብነዳ በማግስቱ ያባርሩኛል!»

ረፋድ 4 ሰዓት፣ ጉንችሬ

በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ፊት ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። የሁለት ቀን የቪዲዮ ስብሰባ ነው። አጀንዳው፣ ቃል በቃል፣ መልካም አስተዳደር። ከስክሪኑ ውስጥ አንድ ባለ ክራቫት ሰው «የሕዝቡን አቤቱታ በወቅቱ...» እያለ ነው። ራህመት ፌስታሏን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ራውተሩ ያለበት ቁም ሣጥን ቁልፍ የኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው፤ ኃላፊው የፊት ወንበር ላይ ናቸው። ለምሳ እስኪወጡ ጠበቅን። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ማየት ብቻ ነው የተፈቀደልሽ። ስብሰባው 11 ተኩል ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ።»

«ጌታዬ፣ የመምህርቷ ጊዜ 11 ላይ ያልቃል።»

«ኢንጂነር፣ ባለፈው ዓመት ይህ ስክሪን አንዴ ተቋርጦ ግምገማ ላይ 'ሆን ብለህ ነው' ተብያለሁ። የምበላው እንጀራ ነው።» ያን ጊዜ ባልናደድባቸው ጥሩ ነበር፤ ግን ተናደድኩ።

ከሰዓት 8 ሰዓት፣ እዚያው

ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ላፕቶፔን ከራውተሩ ጋር አገናኘሁ። ነገሩ ወዲያው ታየኝ። ስብሰባ ሲኖር ቪዲዮው ይቀድማል፤ ይህ ያስኬዳል። ነገር ግን ሌላው መልእክት ሁሉ፣ ስብሰባ ኖረም አልኖረም፣ በቀጭን ቀዳዳ ብቻ እንዲያልፍ ታስሯል። ስብሰባ በሌለበት ቀንም ሰፊው መስመር ባዶውን ይውላል። ልክ እንደ ትናንቱ መንገድ፣ እንግዶቹ አልፈው እንኳ ዝግ ነው።

ፎቶ ያለበት የዝውውር ፎርም በዚያ ቀዳዳ ግማሽ ድረስ ሄዶ ይቆምና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጸሐፊዋን ጠራሁ፤ ኮምፒውተሯን አሳየችኝ። «ይኸው፣ 'በመላክ ላይ' ይላል» አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በመላክ ላይ።

ከዚያም መስመሩን ካሰረው ትእዛዝ አጠገብ ያለችውን ማስታወሻ አነበብኩ። መሣሪያው የኛን ፊደል ስለማይቀበል በላቲን ፊደል የተጻፈች አንዲት የአማርኛ ቃል ናት፦ ለጊዜው።

በመሥሪያ ቤታችን ያንን ቃል ትእዛዝ ላይ የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «ነገ ትልቅ ስብሰባ አለ፣ ምንም ነገር እንዳይነካካው እሰሪው፣ የአንድ ቀን ነገር ነው» አለኝ። አዲስ አበባ ተቀምጬ አሰርኩት። ፍቺው የሚል ስልክ አልመጣም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏታል እንደ እኔ ያለችውን።

ዝም ማለት እችል ነበር። ራህመት አጠገቤ ቆማለች፤ ስክሪኑን ብታይ ምንም አይገባትም።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ሁለቱን ዓመት ያስቀረሁብሽ እኔ ነኝ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ተሳድባ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ፍቺው እንግዲህ» አለች።

ወደ አዳራሹ ገብቼ ኃላፊውን በክንዳቸው ይዤ አወጣኋቸው። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ፦ ስክሪኑ ቢቋረጥ ተጠያቂዋ እኔ ብቻ ነኝ። ፈረምኩ። ራህመት ምስክር ሆና ፈረመች። ሽኩርም ሳይጠየቅ ፈረመ። ኃላፊው ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና «ቢስሚላሂ በይና ጀምሪ» አሉ። አንገቴ ላይ ማተብ እንዳለ አይተዋል፤ ግድ አልሰጣቸውም።

ለቪዲዮው ቅድሚያውን ተውኩለት፤ የማይጠቀምበትን ግን ለሌላው እንዲለቅ አደረግሁ። ወደ ወልቂጤ የሚሄደውን ነገር በአዲስ አበባ ማዞሩን ማስቀረት አልቻልኩም፤ እሱ የሌላ ቀን ፀብ ነው። የመጨረሻውን ትእዛዝ ስሰጥ ባለ ክራቫቱ ሰውዬ አፉን እንደከፈተ ደረቀ። ኃላፊው ደረት ኪሳቸውን ያዙ። ሰውዬው ተንቀሳቀሰ፣ ቀጠለ፤ አዳራሹ ውስጥ ልዩነቱን ያየ የለም። ግማሾቹ እንቅልፍ ላይ ነበሩ።

10 ሰዓት ተኩል፣ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ

ኮምፒውተሩ መላክ ጀመረ፤ ግን በተራ ነው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከተጠራቀመው ጀምሮ። ራህመት ስሞቹን ታነባለች።

«ይሄ ሰውዬ ሥራ ለቆ ነጋዴ ሆኗል... ይቺ ባሏ ሌላ አገባ... ይሄ...» አቆመች። «ይሄ ጋሽ ከድር ነው። እናቱን ልጡር ብሎ ነበር የጠየቀው። እናቱ አምና ሞቱ።»

የጋሽ ከድር ፎርም ተራውን ጠብቆ ሄደ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ከዚያ የራህመት የመጀመሪያው ዓመት ሄደ። ኋላም ሁለተኛው። ለ11 ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው የዘንድሮው ሄደ፤ ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ወይዘሮ ብርቄ ናቸው።

«ራህመት፣ ባንቺ ስም ሦስት ማመልከቻ ገባ እኮ! የቱን ልመዝግብ?»

ራህመት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «ሦስቱንም» አለች። «ሦስቱንም ዓመት ጠብቄያለሁ።»

ረቡዕ፣ ቀትር፣ ቡታጅራ

በሆሳዕናና በወራቤ አድርገን ቡታጅራ ገባን። ራህመት ለሂክማ የሚደርስ እሽግ ሰጥታኛለች። ነስሩ ገበያው ዳር ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሲንጀር ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጧል፤ ልጅቷ ጨርቅ ቁራጭ ላይ። «ማመልከቻው ደርሷል» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለና መርገጫውን ረገጠ፤ መኪናው ግን ክር አልነበረውም።

እሽጉን ፈታነው። ቀይ ጫማ ነው። ነስሩ ልጅቷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሞከረላት፤ ጣቶቿ ገቡ፣ ተረከዟ ውጭ ቀረ። እናቷ የገዛችው ባለፈው ክረምት የምታውቀውን እግር አስባ ነው።

«ግድ የለም» አለኝ ነስሩ፣ እኔን ሊያጽናና። «ለጊዜው ተረከዙን ረግጣው ትሂድ።»

ሂክማ ተረከዙን ረግጣ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች።

ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ቡኢ

ከቡታጅራ ወጣን። ሽኩር «ደንቆሮውን አገኘሽው?» አለኝ። «አገኘሁት» አልኩ። ዝናቡ ጀመረ። ከአዲስ አበባ በፊት ወደ ቡኢ ስንቃረብ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረው ያ የስልክ ጥሪ እንደገና ጆሮዬ ላይ መጣ። ሰውዬው እሰሪ ብሎ የጠራልኝ ጉንችሬን ብቻ አልነበረም፤ ቡኢንም ጭምር ነበር።

«ሽኩር፣ እዚህ አቁም።»

«የሥራ ትእዛዙ ላይ ቡኢ የለም እኮ።»

«የለም። አቁም።»