የእናቴን ጽድ ፍለጋ ወደ ካዛንቺስ

ቅዳሜ ማለዳ ከአዳማ የተነሳሁት እንጨት ላመጣ ነው። እናቴ የካዛንቺሱ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ከእኔ ጋር ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ክፍሏ ውስጥ ከብረት አልጋና ከፕላስቲክ ወንበር በቀር ያለው ነጭ ግድግዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደዚያ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ምግብም እየተወች ነው።

እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ በተፈጥሮ እንጨት የተዋቡ ክፍሎችን ማየት አበዛሁ፤ ቅርፊቱ ያልተላጠ መደርደሪያ፣ ቅርንጫፉ እንዳለ ልብስ መስቀያ የሆነ ግንድ። የእሷን ክፍል እንደዚያ ላሳምርላት ወሰንኩ። እንጨቱ አለን። አባቴ ጓሯችን ውስጥ የተከለው ጽድ ቤቱ ሲፈርስ እኔና እህቴ እያየን ተቆርጦ፣ ጎረቤታችን አናጢው ጋሽ ከማል "ይድረቅና የአልጋ ራስጌ እሠራበታለሁ" ብለው ግንዱን ወስደውት ነበር። ሰሞኑን ስልክ አላነሳ ሲሉኝ ራሴ ልሄድ ተነሳሁ።

ሚኒባሱ በፈጣኑ መንገድ ቶሎ አደረሰን። የታጨደው የጤፍ ማሳ በመስኮቱ ሲያልፍ፣ የራስጌውን ቁመት በእጄ እየለካሁ ነበር። ቃሊቲ ወርጄ መስቀል አደባባይ ድረስ ታክሲ ያዝኩና ከዚያ ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ።

ካዛንቺስ

መንገዱ ሰፍቷል፤ ንጣፉ አዲስ ነው፤ አበባም ተተክሏል። የኛ መግቢያ የት ጋ እንደነበር ግን ጠፋኝ። በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ ዙሪያ ስመላለስ ዘበኛው ጠራኝ።

"እህቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?"

"እዚህ ቤት ነበረን።"

"የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው" አለኝ። በክፋት አልነበረም። የምቀመጥበት ድንጋይ እንኳ አሳየኝ።

እዚያው ተቀምጬ ደግሜ ደወልኩ። ጋሽ ከማል አሁን ግን አነሱ። ካዛንቺስ መሆኔን ስነግራቸው "ሰንጋ ተራ ነይ" አሉኝ።

ሰንጋ ተራ

ያገኘኋቸው ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ የልጃቸውን የሞባይል ዕቃ ሱቅ እየጠበቁ ነው። ወሎ ሳሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ መጋዝ የያዘ እጃቸው የስልክ ሽፋን ይደረድራል። ሳምቡሳ አስመጥተው እንድበላ ጠበቁኝ።

"ወላሂ ልጄ፣ ስልክሽን ሳይ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ" አሉ። "ሱቄን በድንገት ልቀቅ ስባል ግንዱን አንድ ወርክሾፕ አስቀመጥኩት። ስመለስ ሸጠውታል።"

"ለማን?"

"መስቀል ፍላወር ላለ ካፌ። ሄጄ ከውጭ አየሁትና ተመለስኩ።"

ሳምቡሳው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። "እንሂድ፣ ጋሽ ከማል" አልኳቸው። ሱቁን ዘግተው ተከተሉኝ።

መስቀል ፍላወር

ካፌው ያማረ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ከጣሪያው የተንጠለጠለ ትልቅ ቅርንጫፍ አምፖሎች ይዟል፤ ግድግዳው ላይ ክብ ክብ የግንድ ቁራጮች ተለጥፈዋል። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አዳማ ምሳ ያበላል። ባንኮኒው ላይ የተገጠመው ረጅም ጣውላ የኛ ጽድ ነው። አባቴ የልብስ ገመድ ያሰረበትን ሚስማር ዛፉ እያደገ ውጦት ነበር፤ ዝገቱ በጣውላው መሀል ጠቁሮ ይታያል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። የሚሸተው ቫርኒሽ ብቻ ነው።

ባለቤቷ፣ አንዲት ወጣት፣ ፈገግ ብላ መጣች። "ያምራል አይደል? ማለቴ፣ ኦሪጅናል ጽድ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል።"

"ልጄ፣ ይሄ እንጨት ከነሱ ጓሮ የወጣ ነው" አሏት ጋሽ ከማል።

ፈገግታዋ ጠፋ። "እኔ እኮ ገዝቼው ነው። በቃ፣ ምንም አላውቅም ነበር።"

ልጣላት አልቻልኩም። ይነሳልኝ እንደሆነ ጋሽ ከማልን በዓይኔ ጠየቅኳቸው፤ ሥሩን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሲሚንቶው ጋር ተጣብቋል፤ ከተነቀለ ይሰነጠቃል። ልጅቷ ከዚያው ግንድ የተሠራች አንዲት በርጩማ አንስታ ሰጠችኝ።

ጋሽ ከማል ታክሲ ድረስ ተሸከሙልኝ። "ለእናትሽ ሰላም በይልኝ አልልሽም" አሉ። "ምን አፍ አለኝ?"

አዳማ

በርጩማዋን ጭኔ ላይ አድርጌ አመሻሹ ላይ ደረስኩ። አልጋው ጋ አስጠጋሁላትና "የኛ ጽድ ነው፣ እማዬ" አልኳት። ቀና ብላ በመዳፏ ዳበሰችው።

"ቅርንጫፉን ቆረጡት እንዴ?"

"ግንዱ ነው።"

እጇን ሰበሰበች። እንዳልተነገራት የገባኝ ያኔ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ እሷ ቀድማ ወደዚህ መጥታ ነበር፤ እህቴ እኔ የነገርኳት፣ እኔም እህቴ የነገረቻት መስሎን ኖሯል።

"ቤቱስ ይፍረስ" አለች። "ጽዱ እዚያ ቆሟል እያልኩ ነበር የምውል የማድረው።"

እንዳታያት በርጩማዋን በረንዳ አወጣኋት። እንጨት ክፍሏን ያሞቀዋል ብዬ ሄጄ ነበር። ከጉዞው የተማርኩት ግን እናቴ እኔ ቤት ተኝታ በልቧ የምትኖረው እዚያ ጓሮ ውስጥ እንደነበር ነው፤ አሁን ያንንም አፍርሼባታለሁ። በማግስቱ ቁርስ አቅርቤ ስጠራት ከግድግዳው አልዞረችም።