የተስተካከሉት ካሴቶች

ባሌ ጨፋ ሮቢት ያስተምር ነበር። ሰኞ ማለዳ ሄዶ ዓርብ ማታ ወደ ቤታችን ወደ ከሚሴ ይመለሳል። እናቱ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። አማርኛ አይሰሙም፤ ራዲዮ ግን ነፍሳቸው ነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ ዜናውንና የገበሬዎችን ፕሮግራም በካሴት ይቀዳላቸው ነበር።

ራዲዮኑን ወንበር ላይ፣ መቅጃ ቴፑን ከፊቱ ያስቀምጣል። ተናጋሪው ትንሽ እንደተናገረ እማ "ማል ጄዴ?" ይላሉ፤ ምን አለ ማለታቸው ነው። እሱም የራዲዮኑን ድምፅ ዝቅ ያደርግና በኦሮምኛ ይነግራቸዋል። ከዚያ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። እሱ በሌለበት ሳምንት ካሴቱን ስከፍትላቸው ራዲዮኑም ልጃቸውም አብረው ይመጡላቸዋል።

ሲሞት ሦስት ካሴቶች ቀሩ። ድምፁ ያለው እነሱ ላይ ብቻ ነው።

ኢዳ፣ የባል ሐዘን፣ ላይ ተቀመጥኩ፤ አራት ወር ከአስር ቀን ከደጅ አልወጣም። ካሴቱን ስከፍት ችግር ሆነብኝ። ባሌ ሲናገር ለስላሳ ሰው ነበር፤ እሱን ለመስማት ድምፁን ከፍ ሳደርግ ራዲዮኑ ድንገት ይመለስና ከነሙዚቃው ቤቱን ይሞላዋል። አንድ ቀን ለለቅሶ ከመጡት ሴቶች አንዷ በር ላይ "ባሏን ከቀበረች ወር አልሞላት፣ ዘፈን ታስጮሃለች" ስትል ሰማኋት።

የባሌን ታናሽ ወንድም ጠራሁት። በከተማችን ካሴት በኮምፒውተር የሚያስተካክል፣ ከደሴ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ሰው አለ።

"ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። እኩል ያድርግልኝ በለው" አልኩት።

ለምን እንደፈለግኩ አልነገርኩትም። ሰው ሁሉ "ሶብር አድርጊ፣ ቻዪው" በሚለኝ ጊዜ የሟች ድምፅ ልስማ ማለት የአላህን ፍርድ መቃወም መሰለኝ። አፈርኩም።

ከሳምንት በኋላ ሁለቱ ካሴቶች ተሠርተው መጡ፤ ሦስተኛው በዚያው ቀን እንደሚያልቅ የባሌ ወንድም ነገረኝ። አንዱን ከፈትኩ። ራዲዮኑ እንደ ሜዳ ለጥ ብሎ ይናገራል። ስለ ማሽላ ተባይ አወራ። እማ እንደ ልማዳቸው "ማል ጄዴ?" አሉ። ራዲዮኑ ወደ ከብት በሽታ አለፈ። ደግመው ጠየቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በኦሮምኛ "የት ሄደ?" አሉኝ።

ቴፑን አቆምኩት።

የባሌ ወንድም ግን ደስ ብሎት ነበር። "ጎበዝ ሰው ነው። መሃል መሃል የገባውን የቤት ወሬ ሁሉ ቆርጦ አጽድቶልሻል። ሌላ ካሴት አያስፈልግም ብሎ እዚያው ላይ መልሶ ቀድቶታል።"

"ወሬው እኮ ወንድምህ ነበር" አልኩት።

ስልኩን አወጣ። "ኮምፒውተሩ ላይ የቀረ ይኖራል?"

"አንተ ነህ የሄድከው፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?"

ለባለ ሱቁ ደወለ፤ አይነሳም። "ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?"

"አፍሬ።"

"ከእኔ?"

ሦስተኛው ሳይቆረጥ ለመድረስ ጫማውን ሳያስር ወጣ። ከኢዳዬ ገና ሦስት ወር ይቀረኛል። ሳላውቀው አንድ እግሬ ደጃፉን አልፎ ነበር።

"ተመለሺ" አሉኝ እማ። "እሱ ለምሳ ሲሆን እንዴት እንደሚሮጥ አይተሻል። አሁንም ይሩጥ።"

የአሱር ሶላት ሳይደርስ በባጃጅ ተመለሰ። ሰውዬው የሦስተኛውን ካሴት አንድ ፊት ጨርሶ ነበር፤ ሌላው ፊት አልተነካም። ያልተቆረጡትን ቅጂዎች ቦታ ያዙብኝ ብሎ ከኮምፒውተሩ ላይ አጥፍቷቸዋል። "ይቅር በይኝ በላት ብሏል" አለኝ። "ኦሮምኛ አልችልም፣ ፕሮግራሙን የሚረብሽ ሰው መስሎኝ ነው ይላል።"

ሰውዬውን አልወቀስኩትም። አስተካክል የተባለውን አስተካክሏል።

የባሌ ወንድም በሩንም መስኮቱንም ዘጋ። የተረፈውን ፊት ከፈትኩና እጄን ከድምፁ ማዞሪያ አላነሳሁም፤ ራዲዮኑ ሲመጣ ዝቅ፣ እሱ ሲመጣ ከፍ። ዝናቡ እንደሚዘገይ፣ ዘር ለመዝራት እንዳይቸኩሉ ነገራቸው። እማ "እሺ" አሉ። ወንድሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያን ፊት በጥንቃቄ ነው የምከፍተው፤ ካሴት ሲደጋገም ያልቃል። እማ ግን ሌሎቹንም ክፈቺ ይሉኛል። ያን ጊዜ ቴፑን አቆምና እኔው በኦሮምኛ እነግራቸዋለሁ። ያዳምጡኛል። አንዳንዴ አንገታቸውን ይነቀንቁና "እሱ እንዲህ አልነበረም ያለው" ይላሉ።

"እንዴት ነበር ያለው፣ እማ?" እላቸዋለሁ።

ለማስታወስ ይሞክራሉ። እኔም እሞክራለሁ።