የፊቴ መድኃኒት

ሎሚ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ሆዴ ይገላበጣል። ሰው ለማቅለሽለሽ ብሎ ሎሚ ያሸታል፣ እኔን ደግሞ ሎሚው ራሱ ያቅለሸልሸኛል። የተገላቢጦሽ ፍጥረት ነኝ፣ ምን ታደርጊኛለሽ! ባለፈው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ሚኒባሱ ሀረጎ ዳገት ላይ መጠማዘዝ ሲጀምር፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ከቦርሳዋ ሎሚ አወጣችና በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው። አለቀልኝ። መስኮቱን ከፈትኩት። የደሴ ብርድ ፊቴን ሲመታኝ የሃያ ዓመቷ እኔ መጣችብኝ፤ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ የሳበች፣ ሎሚ የጨበጠች፣ ቦርሳዋ ውስጥ አረንጓዴ እንክብል የደበቀች።

ብጉር ስልሽ እንዳንቺ ግንባር ላይ ጣል ጣል ያለ እንዳይመስልሽ። ጉንጬ፣ አገጬ፣ አንገቴ ድረስ ቀይ ሆኖ ያበጠ፣ የሚመግል፣ ትራስ የማያስነካ። ኮምቦልቻን ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ላብ ሲጨመርበት እንደ በርበሬ ያቃጥላል። ያልቀባሁት ነገር አልነበረም። ሬት ቀባሁ፣ እርድ በማር ለውሼ ለጠፍኩ፣ የጥርስ ሳሙና እንኳ አልቀረኝም። ከቤታችን የማትጠፋ አንዲት ጎረቤት ነበረችን፤ ባየችኝ ቁጥር አገጬን በጣቷ ቀና ታደርግና፣ «አብሽሪ፣ ይሄ ባል ሲገኝ የሚጠፋ ነው» ብላ ትስቃለች። እናቴም አብራ ትስቃለች። እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ወላሂ እንደዚያች ሴት የጠላሁት ሰው አልነበረም።

ደሴ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። በየቀኑ ጠዋት ወጥቼ ማታ እወርዳለሁ። ክፍል ውስጥ ከኋላ፣ ግድግዳ ጥግ ነው መቀመጫዬ፤ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም፣ ሰው ዞሮ እንዳያየኝ። አንድ ቀን ጓደኛዬ መረራትና እጄን ጎትታ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ሴት ናት። መብራቱን አስጠግታ ፊቴን አየችው፣ በስልኳ ፎቶ አነሳችው፣ ከዚያ «ይሄ በሽታ ነው፣ ይታከማል» አለችኝ። በቃ፣ ይህችን ብቻ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ።

የሚቀባና የሚዋጥ አዘዘችልኝ። የሚዋጠው ያ አረንጓዴው ነው። ምግብ በልተሽ፣ በብዙ ውሃ፣ ወተት እንዳይነካው፣ ፀሐይም ሽሺ፣ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው አለች። እኛ ቤት ግን ኪኒን የአልጋ ቁራኛ ለሆነ ሰው ነው። አባቴ «ሳይታመም ኪኒን የሚውጥ በሽታን ደጅ ድረስ ሄዶ የጠራ ነው» ይል ነበር። ለፊት ብጉር ብዬ ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከጨርቁ ስር ሸጎጥኩት። ጠዋት ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ በባዶ ሆዴ በአንድ ጉንጭ ውሃ እውጠዋለሁ። ሀረጎ ላይ ስንደርስ ሆዴ ይነሳብኛል። ሎሚው ያኔ ነው የመጣው።

ሠራልኝ ግን! አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እጄ ምንም ሳያደናቅፈው ተንሸራተተ። እንዴት ልንገርሽ፣ የሌላ ሰው ፊት የያዝኩ መሰለኝ። ደጋግሜ ታጠብኩ።

መጀመሪያ ያስተዋለችው ያቺው ጎረቤታችን ናት። እንደ ልማዷ አገጬን ቀና አደረገችው፤ ሳቋ ግን አልመጣም። «አጃኢብ!» አለች። ወደ እናቴ ዞራ፣ «ጠራላት እኮ። ምን አግኝታ ይሆን?» አለቻት። የእናቴ ፊት ጠቆረ። ገባሽ? ብጉር ባል ሲገኝ ነው የሚጠፋው። የኔ ደግሞ ሳይታጭ፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ኒካ ሳይታሰር ጠፋ። ፊቴ በጠራ ቁጥር ስሜ እየጠቆረ ነበር ለካ።

በዚያው ሰሞን ቧንቧው ስር ጎንበስ ብዬ ሲያስመልሰኝ እናቴ ከኋላዬ ቆማ አገኘኋት።

«ምን በልተሽ ነው?»

«ምንም አልበላሁም እማ።»

«ምንም ያልበላ ሰው ያስመልሰዋል?»

ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ከላዬ አልወርድ አለ። ስበላ ታየኛለች፣ ስለብስ ታየኛለች፣ ከሽንት ቤት ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ቤቱ ጠበበኝ። ወጡ ያው ወጥ፣ ሶላቱ ያው ሶላት፣ ግን አንድ ሰው ገመድ ይዞ እየጎተተ እየጎተተ የሚወጥረው ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሹፌር ነበር። ሲመጣ ገና ከመንገዱ ማዶ የፍሬኑን ትንፋሽ እንሰማለን፤ ናፍጣና ጨው እየሸተተ ይገባል፣ ቤቱ በሳቁ ይሞላል። ያን ቀን ከደሴ ወርጄ ስገባ መኪናው ቆሟል፣ ሳቅ ግን የለም። አባቴና እናቴ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ እንክብሎቼ ተቀምጠዋል። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ቦርሳዬን ፈትሻ ያገኘችውን እሱ እንዲያይላት ነው የጠበቀችው። እሱም መነጽሩን እንኳ አላደረገም።

«ማን ሰጠሽ ይሄን?» አለኝ።

«ሐኪም።»

«ለምን?»

«ለፊቴ፣ ለብጉሩ።»

ሳቀ። የማላውቀው ሳቅ ነው። «እኔን ታታልያለሽ ልጄ? ይሄ የምን መድኃኒት እንደሆነ አላውቅም? ከሰው የሚያዝ፣ የነውር በሽታ መድኃኒት ነው!»

እናቴ «ያረቢ!» ብላ ራሷን ያዘች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣብኛል ብዬ በህልሜም አላሰብኩ። «ወላሂ ለፊቴ ነው አባ» አልኩ። «አላህን አትጥሪ!» ብሎ ጮኸብኝ። አባቴ ጮኾብኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፈረደ። ነገ አብረን ደሴ እንወጣለን፣ ሐኪሟን በዓይኑ ያያታል። ከዋሸሁ ትምህርቱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ደጋን ከተማ፣ አክስቴ ቤት ገብቼ የሚያገባኝ እስኪገኝ ደጅ አልወጣም።

በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ትከሻው ትከሻዬን ይነካኛል። ያን ጠዋት እንክብሉን አልዋጥኩም፤ ፍርሃቱ ግን ከእንክብሉ ባሰ። መኪናው ሲጠማዘዝ አፌ ምራቅ ሞላ። ካስመለሰኝ አበቃልኝ፣ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ሎሚዬን አፍንጫዬ ላይ ደፍኜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ጭጋጉ መስኮቱን ሲሸፍነው እያየሁ፣ «ያ አላህ፣ እስክደርስ ብቻ» እላለሁ። እሱ በጎን ያየኛል። ዞሬ ባላየውም እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

ክሊኒኩ ስንደርስ ካርድ የምትሰጠዋ ልጅ ደግሞ «ዶክተሯ ዛሬ ላትገባም ትችላለች» አትለኝም! አባቴ በጎሪጥ አየኝና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ኮሪደሩ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ይገባል። ሐኪሟ ብትረሳኝስ? ታካሚዋ ብዙ ነው፣ ይህችን ልጅ አላውቃትም ብትልስ? እጄን ሻሼ ውስጥ ጠቅልዬ ጠበቅኩ። በመጨረሻ መጣች፤ አየችኝና «ኧረ እንዴት አምሮብሻል!» አለች። እኔ በዚያች ቃል ነፍስ ዘራሁ፣ አባቴ ግን ፊቱ አልተፈታም።

ገብተን በሩ እንደተዘጋ እንክብሉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው። «ዶክተር፣ እርስዎም ልጅ ይኖርዎታል። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ይሄ ለምንድን ነው?»

ሐኪሟ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። «ልንገራቸው?» አለች። ራሴን ነቀነቅኩ።

«ለፊቷ ነው አባት። እርስዎ ለሚያስቡትም ይሰጣል፣ ለሳንባ ምችም ይሰጣል። አንድ ቢላ ሽንኩርትም ይከትፋል፣ ሥጋም ይቆርጣል።» ከዚያ ስልኳን ከፍታ ያን ቀን ያነሳችውን ፎቶዬን ሰጠችው።

አባቴ መነጽሩን አወጣ። ስልኩን አራቀው፣ አቀረበው። እኔን አየ፣ ተመልሶ ፎቶውን አየ። «ሱብሃነላህ» አለ በቀስታ። «ይህን ያህል ነበር እንዴ?» መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ነው፣ ቤት ሲገባ ደግሞ እኔ ሻሼን ስቤ ነው የማገኘው። የልጁን ፊት ያን ቀን ነው ያየው።

ከክሊኒኩ ወጥተን ሰኞ ገበያ ገባን። ሐኪሟ ፀሐይ ትሽሽ ያለችውን ይዞ ጥላ ገዛልኝ። ደሴ በጭጋግ ተሸፍና፣ ፀሐይ የምትባል ነገር ሳትኖር፣ ያን የሚያህል ሰው በዚያ ግፊያ መሃል ጥላውን ዘርግቶ እላዬ ላይ ይዞ ይሄዳል። በጥላው ጫፍ የሰው ዓይን ሊወጋ ምንም አልቀረውም፤ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት «ምነው ጋሼ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የያዙት?» ብላ ተረበችው። «ከሙሽራም ትበልጣለች!» አላት። ትንሽ ሄደን ቆመና፣ ወደኔ ሳያይ፣ «አፉ በይኝ ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አለኝ። አፉ አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አባቴን ወድጄው አላውቅም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ገና ከበሩ፣ ጎረቤቷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ልጅሽ ንፁህ ናት! ወላሂ ንፁህ ናት!» አለ። እናቴ እዚያው ሱጁድ ወረደች። ከዚያ እኔን አቅፋ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ እሱም አፍንጫውን ጠረገ። ምሳ ቀረበ። ተጎራረስን። በልተን ስንጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት እንክብሌን አወጣሁ።

አባቴ ጆጉን ቀድሞኝ አነሳ። ውሃውን ራሱ እየቀዳልኝ፣ ደስ ብሎት፣ ይመክረኝ ጀመር።

«በባዶ ሆድሽ እየዋጥሽው እኮ ነው ያቅለሸለሸሽ። እንዲህ ጠግበሽ ነው። ውሃውን አብዢው። ደግሞ ውጠሽ ጋደም እንዳትዪ፤ ደረት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ሲያቃጥል ነው የሚያድረው፣ ምራቅ እንኳ አያስውጥም።»

እኔ ሞኟ ኮራሁበት። ሐኪሟ ካለችኝም በላይ ያውቃል ብዬ። እንክብሉን ምላሴ ላይ አስቀምጬ ውሃውን ልቀበለው እጄን ስዘረጋ፣ ሳህን ታነሳ የነበረችው እናቴ ቆመች።

«ማንን ነው ሲያቃጥል ያደረው?» አለች።

አልጮኸችም። አባቴ ጆጉን እንደያዘ ቀረ። «ሹፌሮቹ… ሲያወሩ ሰምቼ ነው።»

«ሲያወሩ ሰምተህ» አለች እናቴ። ሳህኑን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ እኔን አየኝ። ትናንት የፈረደብኝ ሰው፣ አሁን አንድ ነገር እንድልለት ዓይኑ ይለምነኛል። እንክብሉ አፌ ውስጥ መሟሟት ጀምሮ ነበር፣ ይመራል። ውሃውን ተቀብዬ ዋጥኩት። ያን ዕለት ከሰዓት አባቴ ጭነት አለ ብሎ ወጣ።

በማግስቱ እናቴ ጥቁር ጅልባቧን ለብሳ ጠበቀችኝ። «ያቺ ሐኪም የት ናት?» አለች። የቆዳ ናት እማ፣ አልኳት። «እሷ የሚመረምረኝን ታሳየኛለች።» አብረን ወጣን። መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ መስኮት መስኮቱን ታያለች፣ እጇ እንደ በረዶ ነው። ሐኪሟ ወደ ሌላ ክፍል መራችን፣ ደም ሰጠች፣ ጠበቅን። አሁን የምፈራው እኔ ነኝ። በመጨረሻ ምንም የለብሽም፣ ነፃ ነሽ አሏት። አልሐምዱሊላህ ብዬ ዘልዬ አቀፍኳት። እሷም አልሐምዱሊላህ አለች፣ ግን ከአግዳሚው አልተነሳችም። ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች።

«እኔማ ንፁህ መሆኔን ድሮም አውቀው ነበር» አለች።

አልተፋቱም። ዛሬም አንድ ቤት ናቸው፣ እሱም መንገዱን ትቶ ተቀምጧል። በዚያ ነገር ሲነጋገሩ አንድም ቀን አልሰማሁም። እኔም ይኸው ፊቴ እንደምታይው ነው፣ ኮሌጄንም ጨርሻለሁ፣ የተፈለገው ሁሉ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጥሎኝ ቤት ደወልኩ። አባቴ አነሳው። ድምፄን ሲሰማ፣ «አሞሻል እንዴ?» አለኝ።

«ጉሮሮዬን አባ። ምን ብወስድ ይሻለኛል?» አልኩት። ሆን ብዬ ነው። ይምከረኝ ብዬ ነው። ውሃ አብዢ ቢለኝ፣ ትኩስ ነገር ጠጪ ቢለኝ፣ የፈለገውን ቢለኝ።

ትንፋሹ ይሰማኛል።

«እኔ ስለ መድኃኒት ምን አውቄ ልጄ» አለኝ። «ቆይ፣ እናትሽን ላቅርብልሽ።»