የኩልፎ ውሃ በስንት ሰዓት ደረሰ

ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ» ማለት ያስፈራኛል። ድምፄ ከወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ሌላ ሰው «ወራጅ አለ» እስኪል እጠብቅና እሱ በወረደበት ወርጄ የቀረውን በእግሬ እጨርሰዋለሁ። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ለእንዲህ ያለ ልማድ አይመችም፤ እኔ ግን ለምጄዋለሁ። ይህን የማነሳው አንድ ቀን ሳላስበው ጮክ ብዬ ስላልኩት ነው። ምክንያቱ ስምንት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ከተማሪዎች ላብራቶሪ የተሰበሰቡ ሲሆኑ በአንዲት ጠባብና ሞቃት ክፍል ውስጥ አራቱ በመስኮቱ በኩል፣ አራቱ በበሩ በኩል ተደርድረው በኬብል ተያይዘዋል። ክላስተር እንለዋለን። ሐሳቡ ከደቦ አይለይም። አንዱ ብቻውን ቢይዘው ክረምቱ የሚያልፍበትን ስሌት ስምንቱ ተከፋፍለው ይሠሩታል፤ እያንዳንዱም ድንበሩ ላይ የደረሰበትን ለጎረቤቱ እየነገረ ይቀጥላል።

የእኔ ስሌት ኩልፎ ነበር። በጋሞ ደጋ ከባድ ዝናብ ሲጥል ወንዙ ምን ያህል እንደሚሞላና በስንት ሰዓት ቆላው ማሳ ላይ እንደሚደርስ የሚገምት ፕሮግራም። አባቴ ኩልፎ ዳር ሙዝ ያለማል። ባለፈው ክረምት ውሃው ሳይታሰብ ገብቶ ከማሳው ብዙውን አስተኝቶበታል። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢያውቅ ኖሮ ቢያንስ የደረሰውን ሙዝ ቆርጦ ያወጣ ነበር።

ክላስተሩ ግን አልሠራ አለ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ቁርጡን ነገሩኝ።

«ልጄ፣ እስከ ዓርብ ካልሠራ እበትነዋለሁ። አንደኛ ዓመቶቹ ለሦስት አንድ ኮምፒውተር ነው የያዙት።»

እውነታቸውን ነው። ከተበተነ ግን የመመረቂያ ርዕሴን ቀይሬ በአንድ ኮምፒውተር የሚያልቅ ትንሽ ነገር መፈለግ አለብኝ። ኩልፎ ይቀራል።

ችግሩ እንዲህ ነበር። የመስኮቱ ረድፍ እርስ በርሱ ይግባባል፤ የበሩም ረድፍ እንደዚሁ። ሁለቱ ረድፎች ግን አይነጋገሩም። ኮምፒውተሮቹ ሥራ ሲቀባበሉ በየመልእክቱ ላይ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ማኅተም ያርፋል። ማኅተሙ ሰዓት አለው፤ ጥቂት ደቂቃ ካሳለፈ ተቀባዩ ይመልሰዋል። የመስኮቱ ረድፍ ከበሩ ረድፍ የሚደርሰውን መልእክት «ጊዜው አልፎበታል» ይላል። የበሩ ረድፍ ደግሞ «ገና ካልደረሰ ጊዜ የመጣ ነው» ይላል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ያየሁት ሰዓታቸውን ነው። የኮምፒውተሮቹ የሰዓት ባትሪ ካለቀ ቆይቷል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሱታል። ኢንተርኔትም እዚያ ክፍል ስለማይደርስ በእጅ ነው የሚሞላላቸው። መብራት ሲመለስ የበሩን ረድፍ፣ ለጠረጴዛቸው ስለሚቀርብ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌው ቴክኒሺያን ይሞላሉ። የመስኮቱን ረድፍ አንድ ወጣት መምህር ይሞላል። ያን ሰኞ ጠዋት ስምንቱንም በየተራ እየተጎነበስኩ አየኋቸው። ሁሉም ልክ ናቸው። እፎይ ብዬ ወደ ሌላ ጥርጣሬ አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያልነካሁት ነገር የለም። ኬብሎቹን ቀያየርኩ። የሚግባቡበትን የምስጢር ቁልፍ እንደገና ለስምንቱም አደልኩ። መምህሩ የሶፍትዌሩ እትም ይለያይ ይሆናል ብሎ ከእኔ ጋር ሁሉንም አዲስ ጫነ። ጋሼ አቧራ ነው ብለው በየሳጥኑ ውስጥ ነፉ፤ አስነጠሳቸው እንጂ ለውጥ አልመጣም። መልሱ ያው ነበር፤ አንዱ አልፎበታል፣ ሌላው አልደረሰም።

እሮብ ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጬ ወደ ሲቀላ ሰፈር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ ባዶ ቅርጫት የታቀፉ እናት ተቀምጠዋል፤ ሙዛቸውን ሸጠው ወደ መንደራቸው ላንቴ ለመመለስ መናኸሪያ እየሄዱ ነው።

«ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉኝ።

ስልኬን አየሁና «ዘጠኝ ከሃያ» አልኳቸው። መኪናቸው እንዳላመለጣቸው አውቀው ተመስገን አሉ።

ስልኩን ወደ ቦርሳዬ ልመልሰው ስል እጄ ቆመ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ሦስት ከሃያ ነው። ዓይኔ ሦስት አየ፣ አፌ ዘጠኝ አለ፣ በመሃል ያለፈ ነገር እንዳለ እንኳ አልተሰማኝም። ስልካችን በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራል፣ እኛ በራሳችን እንናገራለን፤ ማንኛችንም ቆመን አናሰላም። ያን ሰኞ ጠዋት የመስኮቱ ረድፍ ዘጠኝ ይል ነበር። የበሩ ረድፍ ሦስት ይል ነበር። እኔ ሁለቱንም ጠዋት ሦስት ሰዓት ብዬ አንብቤ፣ ልክ ናቸው ብዬ አልፌያለሁ።

«ወራጅ!» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዘወትር የሚያውቀኝ ረዳት በሩን እየሳበ «ለካ ድምፅ አላት» አለና ሳቀብኝ። ወርጄ ወደ ኋላ ሮጥኩ።

ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ጋሼ በአባቴ ዕድሜ ናቸው፤ መምህሩም አስተምሮኛል። ሁለቱም እዚያው አንድ ሳጥን ከፍተው ይከራከራሉ። አጠፋችሁ እንዴት እላለሁ? ደግሞም ማን አጠፋ?

«ጋሼ፣ ሰዓትዎን ያሳዩኛል?» አልኩ በመጨረሻ።

የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። «ለአሥር ሩብ ጉዳይ። ምን፣ ቀጠሮ አለሽ እንዴ?»

የበሩን ረድፍ ስክሪን ከፈትኩላቸው፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ይላል። ከዚያ የመስኮቱን ከፈትኩ፤ አሥራ አምስት ከአርባ አምስት። መምህሩ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ግንባሩን ያዘ።

ጋሼ ግን ተደላድለው ተቀመጡ። «መምህር፣ ቀኑን በእኩለ ሌሊት የሚጀምር ሌባ ብቻ ነው።»

«ኮምፒውተር ፀሐይ አይሞቅም እኮ፣ ጋሼ።»

«እዚህ ክፍል ይሞቃል።»

ሳቃቸው ደፋር አደረገኝ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ከእንግዲህ ግን አንዱ ኮምፒውተር ሰዓት ይጠብቅና ሌሎቹ ከእሱ ይውሰዱ አልኳቸው። በየትኛው አቆጣጠር ይሁን በሚለው ጋሼ በቀላሉ አልተረቱም። የመስኮቱን ሰዓት የተቀበሉት ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ሰዓት በእሳቸው አቆጣጠር እንዲሆን ካስማሙን በኋላ ነው። ፕሮግራሙን እንደገና ስናስነሳ በሁለቱም ረድፍ ያሉት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች አብረው ይርገበገቡ ጀመር። ጋሼ እየሠራ እንዳይነኩት ብለው ቀስ ብለው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

ዓርብ ኃላፊው መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚርገበገቡትን መብራቶች ካዩ በኋላ ችግሩ ምን እንደነበር ጠየቁ። ጋሼና መምህሩ ወደ እኔ አዩ።

«ሰዓት ነው፣ ዶክተር» አልኩ። «ግማሹ በእኛ አቆጣጠር፣ ግማሹ በፈረንጅ ተሞልቶ ነበር። ሰኞ አይቼው ነበር። ሁለቱንም ስለማነብ ልዩነቱ አልታየኝም።»

የእጅ ሰዓታቸውን አዩና ፈገግ አሉ። «እኔም ብሆን አልፈው ነበር።» ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ክረምቱ እስኪያልፍ ይቆይ። ግን አንደኛ ዓመቶቹ ባዶ እጃቸውን አይቅሩ። በሳምንት አንድ ቀን እዚህ እያመጣሽ እንዴት እንደሚሠራ አስረጂያቸው።»

በተማሪ ፊት ቆሞ ማስረዳት! ከመበተኑ ያልተናነሰ አስደነገጠኝ። ግን እሺ አልኩ።

በማግስቱ የመጀመሪያው ውጤት ወጣ። ፕሮግራሙን የፈተንኩት ማሳችንን በመታው ያለፈው ዓመት ዝናብ ስለነበር መልሱን የሚያውቀው አባቴ ነው። ደወልኩለት። በጋሞኛ ነው የምናወራው።

«አባዬ፣ ያን ቀን ውሃው ማሳችን የደረሰው ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ፤ ለዚህ አይደል የምትማሪው?»

ስክሪኑ አሥራ አንድ ይላል። በዚህ ጊዜ ዝም ብዬ አላለፍኩትም፤ ስድስት ቀነስኩ። «አምስት ሰዓት» አልኩት።

ከኋላው የሙዝ ቅጠል በንፋስ ሲንሿሿ ይሰማኛል። ከዚያ መሳቅ ጀመረ።

«አራት ሰዓት እንዳለፈ ነው የደረሰብኝ። ያንቺ ኩልፎ ሰነፍ ነው፤ የእኛው ይሮጣል። በይ አፍጥኚው፤ ክረምቱ እየመጣ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ወንዙን ያዘገየብኝን ቦታ ለመፈለግ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። መብራቶቹ አሁንም በሁለቱም ረድፍ ይርገበገባሉ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጋሼ ሰዓት ደግሞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይላል።