ሰባተኛውን ካሴት የበጠስኩ ጊዜ

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የነቀምቴ ልጆች ካሴት በእርሳስ ማጠንጠን አይጠፋችሁም። ቴፑ ክሩን ሲበላ ቀስ አድርጎ መሳብ፣ ከተበጠሰም የተጨማደደውን ቆርጦ መጣል፣ ጫፍና ጫፉን በኩቴክስ አጣብቆ እፍ እፍ እያሉ ማድረቅ። ሙያ ነበር እኮ! እኔ ደግሞ ሙያውን ሳልማር ባለሙያ ነኝ ያልኩ ልጅ ነበርኩ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቲቸር መስፍን የሚባል የፊዚክስ አስተማሪ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ፣ ኦሮምኛው ከሰላምታ የማያልፍ ዝምተኛ ሰው። ሀብቱ አንድ የጫማ ካርቶን ነው። ውስጡ የአንድ የአሜሪካ ሮክ ባንድ አልበሞች እንደየአወጣጣቸው ቁጥር ተጽፎባቸው ተደርድረዋል፣ አሥራ አንድ ካሴት። ባንዱ ቲቸር ከመወለዱ በፊት የጀመረ ነው፤ ያኔም ገና አልበም ያወጣ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን እያጠበ ከአንደኛው ጀምሮ ያስኬደዋል፤ እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። አንዲት ቃል አይገባኝም። ግን የዘፋኙ ድምፅ አንደኛው ላይ የጎረምሳ ነው፤ አሥረኛው ላይ ሲደርስ ሻክሮ የአባወራ ድምፅ ይሆናል። ሰውዬው ጆሮዬ ሥር ሲጎለምስ ይገርመኝ ነበር። እኔ ግን ሰባተኛውን ነበር የምወደው። ጊታሩ ገና ሲጀምር የያዝኩትን ጥዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ።

አንድ ሐሙስ ቲቸር ለፈተና ቁጥጥር ሲሬ ሄደ። ክፍሉን እንድጠርግ ቁልፉን ተወልኝ። መጥረጊያውን በር ላይ ጥዬ ሰባተኛውን ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቴፑ ክሩን በላው፤ ደንግጬ ስጎትት እጄ ላይ ተበጠሰ። ከጎረቤት ኩቴክስ ለመንኩ፣ ቀጠልኩት፣ አድርቄ አጠነጠንኩት፣ ከፈትኩት። ዘፈኑ ደህና ሲሄድ ቆየና ቅጥሉ ላይ ሲደርስ፣ ምን ልበላችሁ! ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው፣ ቃሉን አውጥቶ ከመናገር ይልቅ ወደ ውስጥ የሚስብ። በደመ ነፍስ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ የፈረንጅ ሮክ ወደኋላ ሲዞር ሰይጣን ራሱ ይናገርበታል ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። እንግዲህ እኔ በገዛ እጄ፣ በኩቴክስ፣ ሰይጣንን ቤታችን አስገባሁት! በዚያ ላይ የሚመጣው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ በጉባኤው ፊት ብቻዬን የምዘምርበት ቀን ነው። አፌን ስከፍት ያ ድምፅ ቢወጣስ? ከቲቸር ቁጣ ይልቅ የጨነቀኝ ይሄ ነበር። ልምምድ ላይ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሼ ተመለስኩ። እናቴ ጉንፋን መስሏት ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አልቻልኩም፣ ለእናቴ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ «እስቲ ክፈቺው» አለች። ያ ድምፅ ገና ሲጀምር «ያ ዋቅ!» ብላ አምላኳን ጠርታ አፈገፈገች። ቆየት ብላ ግን ጆሮዋን አስጠግታ ደግማ አዳመጠች።

«ይሄ እንኳን የታመመ ሰው ነው የሚመስለው» አለችኝ። «ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ።»

ለጸሎት የምትወስደኝ መስሎኝ ስከተላት ገበያው አጠገብ ካለው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ከኦቦ ዲንቃ ሱቅ ገባን።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ጫልቱ! ምን ገጠማችሁ?» አለ እናቴን ሰላም ብሎ።

«ይቺ ልጅ ሰይጣን ይዣለሁ እያለች ነው» አለች እናቴ፣ ካሴቱን እያቀበለችው።

ኦቦ ዲንቃ ከፍቶ አዳመጠው። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትቶ ክሩን ወደ ብርሃን አነሳና ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ክሩን ገልብጠሽ ነው የቀጠልሽው። የዚያኛው ገጽ ዘፈን ነው ወደኋላ የሚሄደው።» ቅጥሌን በምላጭ ቆርጦ ክሩን አዞረና በስስ ፕላስተር አያያዘው። ሲከፍተው ሰውዬው ከነጊታሩ ደህና አድርጎ ዘፈነ። እኔ እዚያው የተበታተኑ ሬዲዮኖች መሀል ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እፎይ ብዬ እኮ ነው! እማዬ ግን «አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

እሑድ ዘመርኩ። አፌን ስከፍት የወጣው የራሴው ቀጭን ድምፅ ነበር። ለቲቸርም ሰኞ ሲመለስ ራሴው ነገርኩት። ካሴቱን እስከ መጨረሻው ሰማና «ትንሽ ነው የጎደለው» አለ። ከዚያ ወዲያ ሰባተኛውን ሲያስኬድ እንድሰማ በሩን ክፍት ይተውልኝ ነበር።

ዛሬ የባንዱ አልበሞች፣ ከዚያ ወዲህ የወጡትም ጭምር፣ ስልኬ ውስጥ አሉ። የሚበላቸው ቴፕ የለም፣ ተመስገን ነው። የልጅ ፍርሃት ግን ያው ነው። በቀደም ልጄ አጎቷ ባዋሳት ላፕቶፕ ላይ ውሃ ደፍታ፣ አልጋ ሥር ደብቃው ሁለት ቀን ምግብ እምቢ አለች። ሳገኘው ልጮህባት ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን ዋጥኩት። እጇን ይዤ ጠጋኝ ጋ ሄድን። ጠጋኙ ፈታትቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ፤ ላፕቶፑ አልዳነም። እሷ አጠገቤ ቆማ እየሰማች ለአጎቷ እኔው ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። ልጄ ያን ቀን ሁለት ሰሃን ፓስታ በላች።